ጎማ ወይስ ፖሊዩሬቴን? የመኪናችሁን ቡሽ ከመቀየራችሁ በፊት

ጠዋት ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ስወጣ መጀመሪያ የሚቀበለኝ ኮብልስቶን ነው። ቀጥሎ ኮሮኮንች አለ። ቱሉ ዲምቱ ስደርስ አስፋልቱን አገኛለሁ። ወደ አዳማ የምሄድበት ቀን ከሆነ ደግሞ የክፍያውን በር አልፌ ፈጣን መንገዱ ላይ እገባለሁ። በአንድ ጠዋት፣ በዚያችው ኮሮላ፣ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትርም እነዳለሁ፣ 100 ኪሎ ሜትርም እነዳለሁ። በሁለቱም ፍጥነት ጎማዎቹን ቦታቸው ላይ የሚይዙልኝ በጭብጥ ውስጥ የሚገቡ ትንንሽ ነገሮች ናቸው። መካኒኮች ቡሽ ይሏቸዋል።

አምና የፊት እግሯ መንኳኳት ጀመረ። ፍጥነት መቀነሻ ላይ ስወጣ «ቋ»፣ ስወርድ «ቋ»። ፍሬን ስይዝ መሪው ወደ ግራ ይስባል። አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቀማመጥ ማስተካከል፣ አሠራሁ። በሁለት ሳምንቱ ተመልሶ ያው ሆነ። መለዋወጫ ልገዛ የገባሁበት ሱቅ ውስጥ ሻጩ አንድ ካርቶን ሙሉ ቀያይ ቡሽ አወጣልኝ። «ጋሼ፣ ይሄ ፖሊ ነው። የጎማውን ይርሱት። አንዴ ካስገቡት መኪናዋን እስኪሸጧት አይነኩትም» አለኝ። አመንኩት። ከፊት እስከ ኋላ ያለውን ቡሽ ሁሉ በፖሊዩሬቴን አስቀየርኩ።

አስፋልት ላይ በጣም ደስ አለኝ። መሪው ቀጥ አለ፣ ኩርባ ላይ መኪናዋ አትንጋደድም። ኮብልስቶን ላይ ስደርስ ግን እያንዳንዱ ድንጋይ ወገቤ ላይ ይቆጠር ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ የኋላው እግር ሲጢጥ፣ ሲጢጥ ማለት ጀመረ። ጠጋ ብዬ መማር የጀመርኩት ያኔ ነው። አሁን የማውቀውን ያኔ ባውቅ ኖሮ ግማሹን ብቻ እቀይር ነበር። የትኛውን ግማሽ እንደሆነ ነው ዛሬ የማስረዳችሁ።

ቡሽ ምን ይሠራል?

መኪና ከሥር ሲታይ ጎማው ከአካሉ ጋር በቀጥታ አልታሰረም። በመሃል የብረት ክንዶች አሉ፤ አርም ይባላሉ። የፊቱ አርም በአንድ ጫፉ ቴስቲና በሚባል ኳስ መሰል መጋጠሚያ ጎማውን ይይዛል፣ በሌላው በኩል በብሎን ከመኪናው አካል ጋር ይታሰራል። ጎማው ጉድጓድ ገብቶ ሲወጣ አርሙም ከፍ ዝቅ ይላል። ብረት ከብረት ጋር ቢታሰር ኖሮ እየተፋተገ ያልቅ ነበር፣ ንዝረቱም ጥርሳችን ድረስ ይመጣ ነበር። ስለዚህ በመሃላቸው ቡሽ ይገባል።

ፋብሪካ የሚያስገባው ቡሽ ብዙ ጊዜ ሦስት ነገር ነው። ከውጭ የብረት ቀለበት፣ ከውስጥ የብረት ቱቦ፣ በመሃል ጎማ። ጎማው ከሁለቱም ብረት ጋር በሙቀት ተጣብቋል። ብሎኑ የውስጡን ቱቦ ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ አርሙ ሲንቀሳቀስ ቡሹ ውስጥ የሚሽከረከር ነገር የለም። ጎማው ራሱ ይጠመዘዝና ተመልሶ ይፈታል። የሚፋተግ ነገር ስለሌለ ቅባት አይፈልግም። በመሃሉ ክፍተት ስለሌለ አቧራና ጭቃም አይገባበትም።

ፖሊዩሬቴን አሠራሩ ሌላ ነው። አብዛኛው የፖሊ ቡሽ ከብረቱ ጋር አልተጣበቀም። ሁለት ግማሽ ሆኖ ከግራና ከቀኝ ይገባል፣ በመሃሉ የብረት ቱቦ ያልፋል። አርሙ ሲንቀሳቀስ ፖሊው በቱቦው ላይ ይሽከረከራል። ልክ እንደ በር ማጠፊያ ማለት ነው።

ልዩነቱን ለማስታወስ የራሳችሁን ሰውነት አስቡ። ጉልበት ወደ አንድ አቅጣጫ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፤ ሌላ ነገር አይጠየቅም። ትከሻ ግን ወደ ላይ፣ ወደ ጎን፣ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ይዞራልም። መኪና ሥር ጉልበት የሆኑ ቡሾች አሉ፣ ትከሻ የሆኑም አሉ። ፖሊዩሬቴን ለጉልበት ይመቻል። ትከሻ ላይ ስታስገቡት ያስረዋል። የጎማ ቡሽ ግን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ትንሽ ትንሽ ይለመጣል፣ እጅም ይሰጣል። ስለዚህ ሱቅ ገብታችሁ «የቱ ይሻላል?» ብላችሁ አትጠይቁ። መካኒካችሁን «ይሄኛው ቡሽ ምን ዓይነት እንቅስቃሴ ነው የሚሠራው?» በሉት።

ስሙ ብዙ አይነግርም

ፖሊዩሬቴን በ1937 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ ሌቨርኩዘን በምትባል ከተማ ኦቶ ባየር የተባለ ኬሚስትና ባልደረቦቹ ያገኙት ነገር ነው። ዛሬ የሶፋችሁ ስፖንጅ፣ የብዙ ጫማ ሶል፣ የቡሹም ጥሬ ዕቃ ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ከስፖንጅ እስከ ድንጋይ የሚመስል ድረስ ይሠራል። «ፖሊ ነው» ሲሏችሁ ገና ምንም አልነገሯችሁም።

መጀመሪያ ጥንካሬውን ጠይቁ። የሚለካው ሾር በሚባል ሚዛን ነው፤ ለጎማና ለፖሊ ቡሽ «ሾር ኤ» ይባላል። የፋብሪካ ጎማ ቡሽ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 70 ባለው መካከል ነው። የፖሊ ቡሽ ከ70 ጀምሮ እስከ 95 ይደርሳል። ለማነጻጸር ያህል፣ አስፋልት የሚነካው የመኪና ጎማ ጥርስ ከ60 እስከ 70 አካባቢ ነው። ቁጥሩ ያታልላል። ከ70 ወደ 90 ሲወጣ በ20 የጨመረ ብቻ ይመስላል፤ ግትርነቱ ግን ከእጥፍ በላይ ይሆናል። እንደኛ ሰፈር ዓይነት መንገድ ለሚነዳ ሰው 95 የውድድር ሜዳ ዕቃ ነው። ፖሊ ካስገባችሁ ከ70 እስከ 80 ባለው ተወሰኑ።

ቀለሙ ደግሞ ጥንካሬውን አይናገርም። ቀይ ለመንገድ፣ ቢጫ ለውድድር የሚባለው ለሁሉም አይሠራም። እያንዳንዱ አምራች የራሱ ቀለም አለው፤ የአንዱ ቢጫ ለስላሳ ሲሆን የሌላው ቢጫ ደረቅ ሊሆን ይችላል። ማሸጊያው ላይ ቁጥር ከሌለ ስለ ጥንካሬው ምንም መረጃ የላችሁም።

ሌላም አለ። ፖሊዩሬቴን በሁለት ትልልቅ ዓይነቶች ይሠራል፤ በፖሊኤስተርና በፖሊኤተር። የፖሊኤስተሩ ዘይትና መፋቅን በደንብ ይችላል፣ ውሃና ሙቀት አብረው ሲቆዩበት ግን ውስጡ ቀስ በቀስ ይፈርሳል። ፖሊኤተሩ ውሃን ይችላል። ከሰኔ እስከ መስከረም ጭቃ ውስጥ ለሚውል መኪና ይሄ ልዩነት ትልቅ ነው።

ቦታ በቦታ

ስታቢላይዘሩ ላይ ያለ ጥርጥር ፖሊ አስገቡ። ስታቢላይዘር መኪናው ኩርባ ላይ እንዳይንጋደድ ግራና ቀኙን የሚያገናኘው ወፍራም ዘንግ ነው። ቡሹ ውስጥ ዝም ብሎ ይዞራል፣ ንጹሕ ጉልበት ነው። ሥራው ቀላል ነው፣ ቡሽ በኃይል ገፍቶ የሚያስገባው ፕሬስም አያስፈልግም፣ ለውጡም ወዲያው ይታወቃል።

ባሌስትራ ላይም፣ ማለትም ተደራራቢ የብረት ዝርግ በሆነው ሞላ ላይም፣ ፖሊ ጥሩ ነው። የሃይሉክስ ኋላ፣ የሃይኤስ ሚኒባስ ኋላ፣ የአይሱዙ ኤንፒአር ፊትም ኋላም ባሌስትራ ነው። የባሌስትራው ጫፍ ላይ ያለው ዓይን በአብዛኛው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚወዛወዘው። ከገላን፣ ከሰበታ፣ ከሰንዳፋ ጭነት የሚያመላልስ መኪና የጎማ ቡሹን ቶሎ ይጨፈልቀዋል፤ ፖሊው ክብደቱን የተሻለ ይሸከማል። ሁለት ግማሽ ስለሆነ በእጅና በሞርሳ ይገባል። ዋናው ነገር ቅባት ነው፣ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። እንደ ኮሮላና ቪትዝ ባሉ መኪኖች የፊቱ አርም በኤል ቅርጽ የተሠራ ነው፤ ሁለት ቡሽ አለው። የፊተኛው አነስ ያለና ጠንከር ያለ ነው። የኋለኛው ትልቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጎማው ውስጥ ሆን ተብሎ የተተወ ባዶ ቦታ አለው። ብዙ ሰው ይሄን ባዶ ቦታ ሲያይ ቡሹ የተቀደደ ይመስለዋል። እኔም መስሎኝ ነበር። ባዶው ቦታ የተተወው የመኪናው ጎማ ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ጥቂት ወደ ኋላ እንዲሸሽ ነው። ያቺ ጥቂት ሚሊ ሜትር ናት ምቱን የምትውጠው። እዚያ ቦታ ድፍን ፖሊ ስታስገቡ ጎማው መሸሻ ያጣል። ምቱ ወደ አርሙ፣ ወደ ብሎኑ፣ አርሙ ወደታሰረበት ብረት ይሄዳል። ቀኑን ሙሉ አስፋልት ላይ ለሚውል ሰው ይሄ ላያስጨንቅ ይችላል። በቀን ሁለት ጊዜ ኮብልስቶን ለሚያቋርጥ ሰው ግን የጎማው ቡሽ ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ። ፊተኛው ቡሽ ላይ መለስተኛ ፖሊ፣ ኋለኛው ላይ ጥሩ ጎማ፤ ለኛ ሰፈር የማውቀው ጥሩ ውህድ ይሄ ነው።

የኋላውም ትከሻ ነው። የኮሮላና የቪትዝ የኋላ እግር በአብዛኛው ግራና ቀኙ በአንድ ወፍራም ብረት የተያያዘ ነው። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ብረቱ በሙሉ ይጠመዘዛል። ሁለቱ ቡሾች ያኔ ይዞራሉ፣ ወደ ጎንም ያጋድላሉ። ድፍን ፖሊ ማጋደሉን አይፈቅድም። የኔው መኪና ሲጢጥ ይል የነበረው እዚህ ጋ ነበር። አስወጥቼ ጎማ መለስኩበት፤ በዚያው ቀን ዝም አለ።

ላንድክሩዘር 70 ያላችሁ ደግሞ፣ ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠሩት ፊታቸው በሞላ ነው። ሞላው ያለበትን የፊት አክሰል የሚይዙ ሁለት ረጃጅም ክንዶች አሉ። አንዱ ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ክንዶቹ ከአክሰሉ ጋር ይጠማዘዛሉ። እዚያ ደረቅ ፖሊ ካለ እግሩ እንደ ልቡ አይዘረጋም። ገጠር የምትወጡ ከሆነ እዚያ ላይ የጎማ ቡሽ ይኑር።

ስትገዙ በእጃችሁ ያዙት

ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ ልታዩት የምትችሉት ነገር አለ። መጀመሪያ የብረት ቱቦው አብሮ መምጣቱን እዩ። ከመጣ በፖሊው ውስጥ አስገቡትና ጠርዙ ላይ የመታወቂያ ካርዳችሁን አጋድሙ። ካርዱ መጀመሪያ ብረቱን መንካት አለበት። ቱቦው ከፖሊው በጥቂቱ ረዘም ማለት አለበት ማለት ነው። ብሎኑ ሲጠብቅ ብረቱን እንጂ ፖሊውን መጭመቅ የለበትም። ፖሊው ከበለጠ ብሎኑ ፖሊውን ጨምቆ ይይዘዋል፣ መሽከርከር ይከለክለዋል፣ ከጊዜ በኋላም ብሎኑ ይላላል።

ቀጥሎ ገጽታውን በጣታችሁ ዳብሱት። የአየር አረፋ ጉድጓድ ካለው፣ ጠርዙ የተንጠለጠለ ትርፍ ካለው፣ ሲሠራ ጥንቃቄ አልተደረገለትም። ጥሩ ዕቃ ውስጥ ትንሽ ከረጢት ቅባት አብሮ ይመጣል። ሶማሌ ተራም ብትሄዱ፣ ሰፈር ካለ ሱቅም ብትገዙ፣ አሮጌውን ቡሽ ይዛችሁ ሂዱ። «የኮሮላ» ማለት አይበቃም፤ ዓመተ ምርቱና የሻንሲ ቁጥሩ ይለያየዋል።

ቶርኖ ቤት ከደረቅ ፕላስቲክ ዘንግ ቡሽ የሚቀርጹ አሉ። እጃቸው ጎበዝ ነው፤ ልኩን ሲያወጡት ያስደንቃል። ችግሩ ዕቃው ላይ ነው። ናይለንና ቴፍሎን የጎማ ባሕርይ የላቸውም፤ አይለጠጡም። ለሚዞር ዘንግ መልካም ናቸው፣ ምት መዋጥ ግን አይችሉም። የአርም ቡሽ ከነሱ አታሠሩ።

ዋጋ ስትጠይቁ ደግሞ አርሙን ከነቡሹና ከነቴስቲናው ጠይቁ። ቡሽ ለብቻው ገዝቶ፣ ፕሬስ ቤት ከፍሎ፣ የእጅ ዋጋ ተጨምሮበት ሲደመር ከሙሉ አርም ዋጋ ጋር የሚቀራረብበት ጊዜ አለ። በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያሉትን አሮጌ መኪኖች ረጅም ጊዜ መያዛችን አይቀርም፤ ይሄን ሂሳብ መልመድ ይጠቅማል።

ሲገጠም አጠገቡ ቁሙ

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ብታስታውሱ ይሄንን እመርጣለሁ። የጎማ ቡሽ ሲቀየር ብሎኑ ለመጨረሻ ጊዜ የሚጠብቀው መኪናው በአራት ጎማው መሬት ላይ ቆሞ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። መኪናው በክሪክ ሲነሳ ጎማው ወደ ታች ይንጠለጠላል፣ አርሙም አብሮ ይወርዳል። መካኒኩ በዚያው ሁኔታ ብሎኑን ጥርቅም ካደረገው የውስጡ ቱቦ እዚያው ይታሰራል። መኪናው ሲወርድ አርሙ ወደ ላይ ይመለሳል፤ ቱቦው ግን ታስሯል። በመሃል ያለው ጎማ ሳይነዳ ገና ቆሞ ሳለ ተጠምዝዟል። ሌሊትም ቀንም እንደተጠመዘዘ ያድራል። የመጀመሪያው ትልቅ ጉድጓድ ከአቅሙ በላይ ያዞረዋል። አዲስ ቡሽ በጥቂት ወር ተቀደደ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይባላል፤ ዕቃው ግን ጥሩ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ ጊዜ ስቀይር አጠገቡ ተንበርክኬ አየሁ። መካኒኩ ወጣት ልጅ ነው። ብሎኖቹን በእጁ እስኪነኩ ብቻ አስገባ። መኪናዋን አወረዳት። በፊት መከላከያዋ በኩል ሁለት ሦስት ጊዜ ጫን ጫን አድርጎ አወዛወዛት። ከዚያ በጀርባው ገብቶ ቁልፉን አስቀመጠና «ጋሼ፣ አሁን ነው የሚጠብቀው» አለኝ። ሲያጠብቀው አርሙ አልተነቃነቀም። ፖሊ ቡሽ ቱቦው ላይ ስለሚሽከረከር በዚህ በኩል ይቅር ባይ ነው፤ የጎማው ግን ይቅር አይልም።

ባዶ ቦታ ያለው ቡሽ ደግሞ አቅጣጫ አለው። ፕሬስ ከመደረጉ በፊት አሮጌው እንዴት እንደነበረ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ዞሮ ከገባ ምቱን በማይፈለግ በኩል ይውጣል።

አሮጌውን ቡሽ በእሳት አቃጥሎ ማውጣት ብዙ ጋራዥ ውስጥ አለ። ጎማ ሲቃጠል ጭሱ ጎጂ ነው። ፖሊዩሬቴን ሲቃጠል ደግሞ ጭሱ ውስጥ ሳያናይድ የተባለው መርዝ ይኖራል። ያን ጭስ የሚተነፍሰው ከጠዋት እስከ ማታ እዚያ የሚውለው ልጅ ነው። እባካችሁ፣ ፕሬስ ቤት ይሂድ። የሚጨመረውን ብር እናንተ ክፈሉት።

ክረምት፣ ዋልካና ላቫጆ

የፖሊ ቡሽ ሲጮህ ደርቋል ማለት ነው። ሲገጠም የሚቀባው ሲሊኮን ያለበት ወፍራም ቅባት ነው። ለኩሽኔታ የምንጠቀመው ተራ ግራሶ ቶሎ ይታጠባል፤ አጠገቡ ያለ የጎማ ቡሽ ላይ ከደረሰም ጎማውን ያሳብጠዋል። የኛ ሰፈር አፈር ዋልካ ነው። ክረምት ላይ ይጣበቃል፣ በጋ ላይ ደርቆ አቧራ ይሆናል። በፖሊውና በቱቦው መሃል ሲገባ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ላቫጆ ላይ ደግሞ የውሃውን ግፊት በቀጥታ ቡሹ ላይ ሲለቁት ቅባቱ ይወጣል። ለሚያጥቡት ልጆች ራቅ አድርገው እንዲረጩት ንገሯቸው። ክረምቱ እንደወጣ ባሌስትራውንና ስታቢላይዘሩን አስፈትታችሁ አስጠርጉ፣ እንደገና አስቀቡ። ለዚህ ጊዜ የሌለው ሰው ጎማ ቢመርጥ አልፈርድበትም።

የጎማ ቡሽ ሲመረመር ላይ ላዩን ያለ ቀጭን ስንጥቅ አያስደንግጣችሁ፤ ጎማ ሲያረጅ ይሰነጠቃል። የጣት ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ ካለ፣ ጎማው ከብረቱ ከተላቀቀ፣ ወይም በረጅም ብረት አርሙን ሲነቀንቁት ቱቦው በቡሹ መሃል ሲዋልል ከታየ ይቀየር። አንዳንድ መኪና ላይ ውስጡ ፈሳሽ ያለበት ቡሽ አለ፤ ዙሪያው በጥቁር ፈሳሽ ከረጠበ አልቋል።

የኔ ኮሮላ ዛሬ ስታቢላይዘሯ ላይ ፖሊ አለ፣ የፊት አርሟ ፊተኛ ቡሽ ላይም አለ። የቀረው ሁሉ ጎማ ነው። ቡሽ በተቀየረ ቁጥር አላይመንት የግድ ነው። በመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትር ውስጥም ብሎኖቹን በቁልፍ አስነክቻለሁ። አንዱ ሩብ ዙር ያህል ላልቶ ነበር፤ መኪናዋን በአራት ጎማዋ አቁመን አጠበቅነው።